ስለ ፑልሰር ለጠየቃችሁኝ

ስለ ሕንድ ሞተር ሳይክሎች ባለፈው ጥቂት መስመሮች ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ አንድ ስም ያነሳሉ፤ ፑልሰር። በሕንዷ ፑኔ ከተማ ስማር ወደ ትምህርት ቤትም ወደ ገበያም ያመላለሰችኝ ያገለገለች ባለ 150 ሲሲ ፑልሰር ስለነበረች፣ መልሱን የምጽፈው በፍቅር ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባጃጅ ስንል የምናውቀው ባለ ሦስት እግሯን ነው። ፑልሰርን የሚሠራው ያው ኩባንያ ነው ቢሉኝ አላምን አልኩ። እውነት ነው? (ከአዳማ)

እውነት ነው። እኛ አገር የኩባንያው ስም ወደ ተሽከርካሪው ተላልፎ፣ ማንም ይሥራው ማን ባለ ሦስት እግሩ ሁሉ «ባጃጅ» ተብሎ ቀረ። በሕንድ ግን ባጃጅ ሲባል የቀደመው ትውልድ ትዝ የሚለው ቼታክ የተባለችው ስኩተር ናት። ስሟ የተወሰደው ሜዋር ከተባለው የቀድሞ የሕንድ ግዛት ንጉሥ ከማሃራና ፕራታፕ ፈረስ ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው እያልን በፈረሳቸው ስም ለምንጠራ ለእኛ ይህ ስያሜ እንግዳ አይሆንም። ቼታክን ለመግዛት ተመዝግቦ ዓመታት ወረፋ መጠበቅ የተለመደ ነበር።

ከ1991 በኋላ የሕንድ ገበያ ሲከፈት የወጣቱ ዓይን ከስኩተር ወደ ሞተር ሳይክል ዞረ። በብዛት የሚሸጡት 100 ሲሲ የሆኑ፣ በአንድ ሊትር ብዙ የሚጓዙ፣ ግን ጉልበት የሌላቸው ነበሩ። ተፎካካሪው ሄሮ ሆንዳ በ1999 ሲቢዜድ የተባለውን ባለ 156 ሲሲ ሲያወጣ፣ ጉልበት ፈላጊም እንዳለ ታየ። ባጃጅ እስከዚያ ድረስ ሞተር ሳይክል የሚሠራው በአብዛኛው ከጃፓኑ ካዋሳኪ ጋር ተባብሮ ነበር። በኅዳር 2001 ግን የራሴ የሚለውን ፑልሰርን በ150 እና በ180 ሲሲ ይዞ ብቅ አለ። ቅርጹን የነደፈው እንግሊዛዊው ግሊን ኬር ነው፤ ቶኪዮ አር ኤንድ ዲ የተባለ የጃፓን ድርጅትም በሥራው ተሳትፏል። ምርቱ የሚወጣው ከፑኔ አቅራቢያ ካለው የቻካን ፋብሪካ ነው። ትንሹ 12፣ ትልቁ 15 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው። ዛሬ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በጊዜው ግን ደመወዝተኛ ወጣት ሊገዛው በሚችል ዋጋ የቀረበ ጉልበት ስለነበር አገሩን አነቃነቀ። ኩባንያውም በ2009 መጨረሻ ስኩተር ማምረት እንደሚያቆም እስከማስታወቅ ደረሰ። ቼታክ ከአሥር ዓመት በኋላ የተመለሰችው በኤሌክትሪክ ነው።

ሞተሬ ሁለት ካንዴላ አለው ብዬ ስነግረው መካኒኩ አንዱን ብቻ ቀይሮ ሰጠኝ። ሁለት ማስፈለጉ ለምንድን ነው? አንዱ ቢሞትስ ምን ይሆናል? (በፑኔ ከሚማር አንባቢ)

ይህን ጥያቄ ስለላክህልኝ አመሰግንሃለሁ፤ የፑልሰር ዋና ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ቤንዚኑ የሚቃጠልበትን ሲሊንደር እንደ ክብ ክፍል፣ በብልጭታ የሚለኩሰውን ካንዴላ ደግሞ እንደ ክብሪት ቁጠረው። በአንድ ጥግ ክብሪት ብትጭር እሳቱ ማዶ ያለው ግድግዳ ጋር እስኪደርስ ጊዜ ይወስድበታል። እሳቱ የሚገፋው ፒስተን ደግሞ አይጠብቅም፤ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይወርዳል ይወጣል። እሳቱ ሳይዳረስ ፒስተኑ ከወረደ ጉልበቱ ይባክናል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን በማርሚታው በኩል ይወጣል። ከሁለት ጥግ ብትለኩስ ግን እያንዳንዱ ነበልባል ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚሄደው። ባጃጅ ይህን አሠራር ዲቲኤስ-አይ ብሎ በ2003 ፑልሰር ላይ ገጠመው። ሁለት ካንዴላ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። አዲሱ ነገር ርካሽ በሆነ ትንሽ ሞተር ላይ መምጣቱ ነበር። ባለ 150ው ከ12 ወደ 13 የፈረስ ጉልበት ከፍ አለ፤ ቤንዚን ግን አላባከነም። በሕንድ ጉልበት የፈለገ ሰው ቆጣቢነትን መተው አለበት የሚለው ሐሳብ የተሰበረው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ። የባለቤትነት መብቱ ጉዳይ በኋላ ባጃጅንና ሌላውን የሕንድ ሞተር ሳይክል ሠሪ ቲቪኤስን በፍርድ ቤት አከራክሯል።

አንዱ ካንዴላ ቢሞት ሞተሩ አይቆምም፤ ችግሩም ይኸው ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ወራት ይነዳል። የሚታየው ምልክት አቀበት ላይ መድከምና ቤንዚን መብላት ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ አየርና ቤንዚን በሚቀላቅለው በካርቡሬተሩ ይላከካል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ቀን አስፈታና ጎን ለጎን አስቀምጠህ ተመልከታቸው። ጫፋቸው እኩል የቡና ቁላ ቀለም ካለው ጤነኛ ናቸው። አንዱ ቡናማ፣ ሌላው ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ጥቁሩ አይሠራም። ስትፈታ ጥንቃቄ አድርግ፤ ካንዴላው የተቀመጠበት ጉድጓድ አቧራና ጠጠር ያጠራቅማል። አስቀድሞ በአየር ካልተነፋ ጠጠሩ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። መካኒክህ ሳይነፋ መፍቻ ሲያነሳ ካየህ እጁን ያዘው።

ካርቡሬተር ያለው የቆየ ፑልሰር አለኝ። ወደ አዳማ ስወርድ ይጋልባል፤ ደብረ ብርሃን ስመለስ ይታፈናል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ሞተሩ አርጅቶ ይሆን? (ከደብረ ብርሃን)

አላረጀም፤ አየር አጥሮት ነው። እርስዎ ያሉበት ከፍታ 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ የተወለደባት ፑኔ ግን 560 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ካርቡሬተር ከፍታ አያውቅም። አየሩ ሲሳሳም የሚለቀው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ የተረፈው ነው ጥላሸት የሚሆነው።

መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ። ቀጥሎ አየርና ቤንዚን የምታመጣጥነውን ብሎን ያስተካክሉ። ካልበቃ፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላትን ትንሽ የነሐስ ፍሬ፣ ጋራዥ ውስጥ ጅግለር የሚሏትን፣ በአንድ ደረጃ ጠባብ በሆነች ይለውጡ። የድሮዋን ግን አይጣሉ። በጠባቧ ጅግለር ወደ አዋሽ በረሃ ወርደው በሙሉ ጉልበት ቢነዱ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ፒስተን እስከማቃጠል ይደርሳል። ቆላ ወርደው ሊቆዩ ከሆነ የድሮዋን መልሰው ያስገጥሙ። ይህ ሁሉ ጥላሸቱን ይፈውሳል እንጂ የጠፋውን ጉልበት አይመልስም። ደጋ ላይ ማንኛውም ተራ ሞተር ይደክማል።

በሴንሰር አየሩን እየለካ ቤንዚን የሚረጨው አሠራር ለደጋ አገር ትልቅ እፎይታ ነው። በፑልሰር ቤተሰብ መጀመሪያ የመጣው በ2007 በባለ 220ው ላይ ነበር። ዋጋው ስለከበደ በ2009 ባለ 220ው ወደ ካርቡሬተር ተመለሰ፤ በሰፊው የተወደደውም ያኔ ነው። በሚያዝያ 2020 ቢኤስ 6 የተባለው የጭስ ደንብ በሕንድ ሥራ ላይ ሲውል ግን አብዛኛው ቤተሰብ ካርቡሬተርን ተሰናበተ።

ኤንኤስ፣ አርኤስ፣ ኤን፣ ኤፍ… እነዚህ ፊደላት ግራ አጋቡኝ። (ከአዲስ አበባ)

ኤንኤስ ልብስ ያልለበሰው፣ ሞተሩ የሚታየው የስፖርት ዓይነት ነው። አርኤስ ደግሞ ያው ሞተር በላስቲክ ሽፋን ተሸፍኖ በ2015 የወጣው ነው። ኤን እና ኤፍ በ2021፣ የፑልሰር ሃያኛ ዓመት ላይ፣ በ250 ሲሲ የመጡት አዲስ ትውልድ ናቸው፤ ኤን ያለ ሽፋን፣ ኤፍ ከነሽፋኑ። ኤንኤስ 400 ዜድ በ2024 ሲወጣ 373 ሲሲ ሆኖ 40 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር።

ከሁሉም በላይ ልቤን የሚነካው የ2012ቱ ኤንኤስ 200 ነው። እስከዚያ ድረስ ፑልሰር ያደገው ጥቂት በጥቂት ነበር፤ መብራቱ ይቀየራል፣ ጎማው ይሰፋል፣ ሰውነቱ ግን ያው ነው። ኤንኤስ 200 ላይ ሁሉም ተነቀለ። ሞተሩን ከሁለት ጎን የሚያቅፍ አዲስ ሻንሲ፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር፣ አራት ቫልቭ፣ ስድስት ማርሽ፣ 23.5 የፈረስ ጉልበት። ካንዴላውም ሦስት ሆነ! ባጃጅ በ2007 የኦስትሪያው ኬቲኤም ባለድርሻ ሆኖ ስለነበር ሞተሩ ከኬቲኤሙ ዱክ 200 ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ሆኖም ዱክ ባለ አንድ ካንዴላ ሲሆን ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ፣ ካምሻፍት የሚሉት፣ ሁለት አለው፤ ፑልሰሩ አንድ ካምሻፍት ይዞ ሦስቱን ካንዴላ መረጠ። በዚህ ምርጫ ዱክ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ይበርራል፣ ፑልሰሩ በዝግታ ሲዞር ይስባል። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ሁለተኛው ይሻላል እላለሁ። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ማርሚታው ከሞተሩ ሥር ስለሆነ ድንጋያማ መንገድ ላይ ሆዱን ይመታል።

በዱባይ አብሮኝ የሚሠራ ፊሊፒናዊ የሞተር ሳይክሉን ፎቶ አሳየኝ። ቁርጥ ፑልሰር ነው፤ የተጻፈበት ግን ራውዘር ነው። አስመስሎ የተሠራ ይሆን? (ከዱባይ)

አይደለም፣ እውነተኛው ነው። ፑልሰር በፊሊፒንስና በአርጀንቲና የተሸጠው ራውዘር በሚል ስም ነው።

ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። ወንድሜ «ፑልሰር የሴት አይደለም» ይለኛል። ትመክሩኛላችሁ? (ከሐዋሳ)

እህቴ፣ ወንድምሽ ሳያውቀው የኩባንያውን የድሮ ማስታወቂያ ነው የደገመው። ፑልሰር በ2001 ሲወጣ የተዋወቀው «ያለ ጥርጥር ወንድ» በሚል መፈክር ነበር። ያ መፈክር ብዙ ሴቶችን ያለ አግባብ አስቀርቷል ብዬ አዝናለሁ። ማሽን ጾታ የለውም፤ የሚያገናኘን የመቀመጫው ከፍታ ነው።

የባለ 150ው መቀመጫ ከመሬት 785 ሚሊሜትር፣ የኤንኤስ 200ው 805 ሚሊሜትር ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ወረቀት ላይ ምንም አይደለችም፤ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆመሽ በጣትሽ ጫፍ ስትደገፊ ግን ትከብዳለች። ስለዚህ በ150ው ጀምሪ። ከመግዛትሽ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ ተቀመጪበት፤ የሁለቱም እግሮችሽ የፊት መዳፍ መሬት ከነካ ይበቃል። ቀጥሎ ወርደሽ መሪውን ይዘሽ ግፊው፣ አዙሪውም። ክብደቱ ከ140 ኪሎ በላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጥለው እየነዳ ሳይሆን ቆሞ ሲያዞር ነው። መቀመጫውን ለማሳጠር ስፖንጁን ማስቆረጥ አልመክርሽም፤ ረጅም መንገድ ላይ ወገብሽ ይከፍላል።

ኤቢኤስ ላለው ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል ያስፈልጋል? (ከባሕር ዳር)

ያስፈልጋል። ኤቢኤስ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚጠብቅ መሣሪያ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩበት ብባል ይህን እመርጥ ነበር። ከፊት ጎማው ዲስክ አጠገብ ጥርስ ጥርስ ያለው ቀጭን ቀለበት ታያላችሁ፤ ከጎኑ ያለች ትንሽ ሴንሰር ጥርሶቹን ትቆጥራለች። ፍሬን ተይዞ ቆጠራው ድንገት ከቆመ ጎማው ተቆልፏል ማለት ነው፤ መሣሪያው በቅጽበት ፍሬኑን ላላ ጠበቅ ያደርገዋል። ሕንድ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር ሳይክል ሁሉ ግዴታ አድርጋዋለች። በአንዳንድ ፑልሰሮች ላይ የሚሠራው ለፊት ጎማ ብቻ ነው። በ2022 የወጣው ኤን 160 ግን ለሁለቱም ጎማ የሚሠራ ዓይነት አለው። ጭቃ ሴንሰሯ ላይ ሲደርቅ መቁጠር ስለሚያቅታት በዝናብ ወቅት ጠረግ አድርጉላት።

ያገለገለ ባለ 150 ልገዛ ነው። ሻጩ «ሞዴሉ አዲስ ነው» ይላል። እንዴት ልለይ? (ከደሴ)

ተለጣፊውን አትይ፤ ተለጣፊ በጥቂት ብር ይገዛል። የፊት መብራቱ ክብ ከሆነ ከ2003 በፊት የተሠራና ባለ አንድ ካንዴላ ነው። ሁለት ካንዴላ ካለው ከዚያ ወዲህ ነው። ባለ 17 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬና ከኋላ ጋዝ ያለበት አሞርዛተር በ2005 ግድም መጡ። ቁጥር የሚያሳየው የፍጥነት መለኪያና የኤልኢዲ የኋላ መብራት ደግሞ በ2006 መጨረሻ ተጨመሩ። ካርቡሬተር እያለው የወረቀቱ ዓመት 2021 የሚል ከሆነ ለሕንድ ገበያ የተሠራ አይደለምና ሻጩን ከየት እንደመጣ ጠይቀው። ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥርና ሊብሬው ላይ ያለው አንድ መሆናቸውንም በጣትህ እየተከተልክ አንብብ።

ልታየው ስትሄድ ሻጩ «ቆይ አሞቀዋለሁ» እንዳይልህ ሳትነግረው በጠዋት ድረስ። ከመነሳቱ በፊት እጅህን የሞተሩ ጎን ላይ አሳርፍ። ከሞቀ፣ ቀዝቃዛ ሲሆን አልነሳ ማለቱን ወይም ማጨሱን ሊደብቅህ ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ነገ እመለሳለሁ ብለህ ሂድ።