የሰዓቱን ሞላ በጣቴ ጠቅልዬ አበላሸሁት?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአባቴን ራኬታ (የሩሲያ ሥሪት) የእጅ ሰዓት ፈትቼ አጸዳሁት። ሞላውን፣ ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሰውን ጥምዝ ብረት፣ በጣቴ ጠቅልዬ ቤቱ (ሞላው የሚቀመጥበት ክብ ዕቃ) ውስጥ መለስኩት። አሁን ጥርቅም አድርጌ ብሞላውም ግማሽ ቀን አይሄድም። ምን አጠፋሁ? (ጀማሪ ጠጋኝ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ስጀምር እንዲሁ አድርጌያለሁ። ሞላ በጣት ሲገባ ይጣመማል፤ እንደ መሶብ ክዳን ሾጠጥ ይላል። ከዚያ ከቤቱ ወለልና ክዳን ጋር ይፋተጋል፣ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። አውጥተህ መስታወት ላይ አስተኛው። ጠርዙ ተስተካክሎ ካልተኛ አታቃናው፣ ቀይረው።

አዲስ ሞላ ብዙ ጊዜ በቀለበት ተጠቅልሎ ይመጣል። የጥምዙን አቅጣጫ አይተህ ቀለበቱን ቤቱ አፍ ላይ አስቀምጥና ሞላውን እኩል ገፍተህ አስገባ። መጠምጠሚያ (ሞላ ጠቅልሎ ቤቱ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ) አያስፈልግህም።

አሮጌውን የምትመልስ ከሆነ ግን መጠምጠሚያ የግድ ነው። ሞላው የሚጠቀለልበት የመጠምጠሚያው ከበሮ ከቤቱ ውስጠኛ ስፋት ጥቂት ይጥበብ። ከሰፋ አይገባም፤ በጣም ከጠበበ ሞላውን ያለልክ ያጨናንቀዋል። መሃል ያለው ባለመንጠቆ ዘንግም በሞላው የውስጥ ጥምዝ ልክ ይሁን፤ ትልቅ ከሆነ ጥምዙን ይከፍተዋል። በባዶ ጣት አትንካው፣ ላብ ያዝገዋል። መነጽርህንም አድርግ፤ ያመለጠ ሞላ ዓይን ላይ ነው የሚሄደው።