«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» ማለት ልመዱ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ቀይ ሮኬት እያያችሁ «ጋሼ ይቺ ነገር እውነት ትበራለች?» ለምትሉኝ የሰፈር ልጆች፣ ቡና ላይ በቁራጭ በቁራጭ ከማወራችሁ አንዴ ልፃፈው ብዬ ነው። አዎ ትበራለች። አንዴም ተከስክሳለች፣ ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነበር፣ ልነግራችሁ የፈለኩትም እሱን ነው።

እንደምታውቁት ኮምቦልቻ ማሽን ጥገና ላይ 31 አመት ሰርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ልጄ ያለችው ኮሎራዶ ነው፣ የዛሬ ሁለት አመት ልጠይቃት ሄጄ ቤት መዋል ሊገለኝ ሲል የልጅ ልጄ አንድ ካርቶን ይዞ መጣና «አባባ እንስራው» አለኝ። ከፈትኩት፣ ወፍራም የካርቶን ቱቦ፣ የላስቲክ አፍንጫ፣ ከኮምፔርሳቶ የተቆረጡ ክንፎች፣ የናይለን ፓራሹት፣ ገመድ። መጫወቻ መስሎኝ ነበር፣ ግን መጫወቻ አይደለም።

ሞተሮቹ በፊደል ነው የሚጠሩት፣ ኤ ቢ ሲ እያለ ይሄዳል፣ አንድ ፊደል ሲጨምር የአቅሙ ጣሪያ እጥፍ ይሆናል። ሚድ ፓወር (መካከለኛ አቅም) የሚሏቸው ኢ፣ ኤፍ እና ጂ ናቸው፣ የጂ ጣሪያው 160 ኒውተን ሰከንድ ነው (አማካይ ግፊቱ በቆየበት ሰከንድ ሲባዛ ማለት ነው)፣ ከዛ ወዲያ ያለውን አሜሪካ ውስጥ ያለ ሰርተፍኬት አይሸጡልህም። ሞተሩ ላይ ኤፍ50-6 ተብሎ ከተፃፈ 50ው አማካይ ግፊቱ ነው በኒውተን፣ 6ቱ ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹት የምታስወጣው ትንሿ ባሩድ እስክትፈነዳ ያለው ሰከንድ። ግፊቱ የሮኬቱን ክብደት አምስት እጥፍ ይሁን ይላሉ፣ 50 ኒውተን ማለት 5 ኪሎ ግድም ስለሆነ ሮኬታችሁ ከነሞተሩ ከ1 ኪሎ ባይበልጥ ነው የሚሻለው።

ስራው ላይ ቶሎ የሚያልቅ ነገር የለም። ክንፎቹ ቱቦው ላይ ተለጥፈው የሚቀሩ አይደሉም፣ ቱቦው ተሰንጥቆ በስንጥቁ ገብተው ውስጥ ያለውን የሞተር ቱቦ ይነካሉ፣ እዛም ኮላ ይደረጋል፣ ውጪም መጋጠሚያው ላይ ኢፖክሲ የሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ በጣት እየተሳበ ይሞላል። ልጁ በአንድ ቀን ሊጨርስ ፈለገ፣ እኔ ደግሞ የጥገና ሰው ነኝና አንዱ ክንፍ ሳይደርቅ ሌላውን አናስነካም ብዬ አራት ማታ ፈጀን፣ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈጉ ሳይቆጠር። እዚህ ጋ አንድ ስህተት አለ፣ እኛ አበሾች ጠንካራ ይሁን ብለን ኮላ እናበዛለን፣ ከኋላ ኮላ ሲበዛ ደግሞ ጭራው ይከብዳል፣ የሚዛኑ ነጥብ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዛ ሮኬቱ ቀጥ ብሎ መሄዱን ይተውና አየር ላይ ይገለባበጣል። የሚዛኑ ነጥብ አየሩ ከሚገፋበት ማእከል ቢያንስ የቱቦውን ወርድ (ዲያሜትር) ያህል ወደ አፍንጫው መቅደም አለበት። የአየሩን ማእከል በሂሳብ ማግኘት የሚቻልበትን መንገድ ጄምስ ባሮውማን የሚባል የናሳ ኢንጂነር በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ውስጥ አውጥቶታል፣ ዛሬ ኦፕን ሮኬት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ላፕቶፕ ላይ ቁጥሩን ስትሰጡት እሱ ይቆጥርላችኋል። ሂሳቡን ያላመነ ሰው ደግሞ ሮኬቱን ከነሞተሩ ሚዛኑ ላይ በገመድ አስሮ፣ ማሽላ ጠባቂ ልጅ ወንጭፉን እንደሚያዞረው ዙሪያውን ያዞረዋል፣ አፍንጫው ወደፊት እያየ ከዞረ በቃ ደህና ነው። ይሄን ሳይ ሳቄ መጣ፣ የልጅነት ስራዬ እኮ ነው።

እንግዲህ የበረራው ቀን። ሰፊ ደረቅ ሜዳ ነው፣ ሰው በሰልፍ ሮኬቱን ይዞ ቆሟል፣ ተራህ ሲደርስ አንድ ሰውዬ ሮኬትህን ተቀብሎ ያገላብጣል፣ ይጠይቅሃል። የኛ ተራ ሲደርስ ፓራሹቱን ገና እያጠፍኩ ነበር (ማታ ታጥፎ ካደረ ይጣበቃል፣ ጠዋት የህፃን ፓውደር ነስንሶ እዛው ማጠፍ ነው)፣ ከኋላዬ አስር ሰው ቆሟል፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ እኔ ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ይሄ ሽማግሌ ሰው አስቆመ እንዳይሉኝ ብዬ ሞተሩን ከተትኩና ከኋላ የሚይዘውን ክዳን አንድ ጥርስ ብቻ አስነክሼ ተውኩት። ሰውዬው «ሞተሩ ታስሯል?» አለኝ። «ታስሯል» አልኩ። ፋብሪካ ውስጥ ስንቱን ልጅ «ዳዶውን በቺያቬ ሳትነካ ጠብቋል አትበለኝ» እያልኩ የተቆጣሁ ሰው ነኝ እኮ!

ተቆጠረ፣ ተነሳች፣ ሲያምር! ጫፍ ላይ ደርሳ ዞር ስትል ያቺ ባሩድ ፈነዳች። ግፊቱ ወደ ፊት ሄዶ ፓራሹቱን ማስወጣት ነበረበት፣ ግን ኋላ በሩ ክፍት ነው፣ ሞተሩን ተፍቶ ወጣ። ሮኬቷ አፍንጫዋን ደፍታ ቁልቁል መጣች፣ ሰዉ «ወደ ላይ እዩ» እየተባባለ ሸሸ፣ ማንንም አልነካችም አልሀምዱሊላህ፣ አፈር ውስጥ ተሰካች። ልጁ ዝም ብሎ አየኝና «አባባ፣ ክዳኑ» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። እንዲሰድበኝ ነበር የፈለኩት። የተጨማደደውን ቱቦ ቆርጠን ቀጥለን ድጋሚ በረረች፣ መጋጠሚያዋ አሁንም ይታያል፣ ቀለም አልቀባሁትም።

ወሎ ላይ ይሄ ይሉኝታ ከየትም ይብሳል። እኛ ሰው ማስቆም ነውር ነው ብለን ያደግን ነን፣ እንግዳ ቆሞ ቆይ አይባልም፣ ትልቅ ሰው እየጠበቀ አንድ ጊዜ ልድገመው አይባልም። ጥሩ ባህል ነው፣ አልክድም፣ ግን ማሽን፣ መርፌ፣ መብራት፣ ህንፃ ጋ ስትደርሱ ይሉኝታን ከበር አስቀምጣችሁ ግቡ። ዶክተር የምትሆኑም ኤሌክትሪሺያን የምትሆኑም፣ አለቃ ሰአት እያየ ቢያፈጥባችሁም «ቆዩ፣ አልጨረስኩም» በሉ። አብሽሩ፣ ሰው ይጠብቃል።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ፣ እዚህ እናብርር ወይ? ሮኬቷን ባዶዋን በሻንጣ አመጣኋት፣ ሞተር ግን በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም፣ እዚህም ያለ መንግስት ፈቃድ የሚነካ ነገር አይደለም። ነዳጁን እኛ ቤት እንቀምመው ያለኝ ልጅ አለ፣ ራሱን ያውቃል፣ እሱን ሀሳብ ከነገርከኝ ደጃፌን አትርገጥ ብዬዋለሁ፣ ጣት ተመልሶ አይበቅልም። ደግሞ የ2014ን ጦርነት አትርሱ፣ በደሴና በኮምቦልቻ ያለፈውን እናንተም አይታችኋል፣ ድንገት ሰማይ ላይ ሲጮህ የምትደነግጥ እናት ዛሬም አለች። ሜዳ ላይ የማታውቁት ብረት ካያችሁ እንዳትነኩ፣ ለፖሊስ ንገሩ። አንድ ቀን ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ኮምቦልቻ ኤርፖርት አጠገብ አይታሰብም፣ ሀይቅ ዳርም ውሃው ይበላታል። ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሮኬት ከባህር ጠረፍ ይልቅ ከፍ ይላል፣ ፓራሹቱም በዛው ልክ ፈጠን ብሎ ይወርዳል፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ፓራሹት ያስፈልጋል፣ የጦሳ ተራራ ንፋስ ደግሞ ሰፊውን ይዞት ይሄዳል። አሜሪካ ያሉት ንፋሱ በሰአት ከ32 ኪሎሜትር ካለፈ አያስነሱም፣ በዚህ ሞተር 9 ሜትር ይርቃሉ፣ ሞተሩ አልነሳም ካለም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አይጠጉም።

እስከዛው የውሃ ሮኬት፣ ማለት የለስላሳ ጠርሙስ፣ ሲሶ ውሃ፣ የብስክሌት መንፊያ ይበቃናል። ያልተሰነጠቀ የለስላሳ ላስቲክ ጠርሙስ ብቻ፣ ረጅም ጎማ፣ ማንም አጠገቡ አይቁም። ሚዛኑም ክንፉም ያው ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጓሮ ውስጥ ሲሞከር አንዷ ልጅ፣ አስራ ምናምን ሰው ከቦ እያያት፣ አንዱ ክንፍ ተጣሞብኛል ብላ ፕላስተሩን በሙሉ ላጠችው። አቦል ተጠጣ። ቶና ተጠጣ። ወንድሟ «ኧረ በአላህ ጨርሺ» አላት፣ ቀና ብላም አላየችው። የሷ ጠርሙስ የተነሳው በረካ ላይ ነው።