«ጤና፣ ቤተሰብ፣ ትምህርት» ብለው ደብተር ለሚዘጉ ተማሪዎች

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስድስተኛ ክፍል ታስተምሪያለሽ። ልጆቹ በየጠዋቱ የሚያመሰግኑባቸውን ሦስት ነገሮች እንዲጽፉ አድርገሻል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሁሉም «ጤና፣ ቤተሰብ፣ ትምህርት» ብለው ደብተሩን ይዘጋሉ። «ልተወው ይሆን?» ነው ያልሽው። አትተይው። እኔም እዚያው ላይ ተሰናክዬ ስለነበር ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ማስተማር ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ስድስተኛ ክፍል አስተማርኩ፤ አሁን መንዝ ውስጥ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። ደብረ ብርሃን ሳለሁ እንዳንቺው በየቀኑ አጽፋቸው ነበር። ይባስ ብዬ ከአምስት ማርክ እይዝበታለሁ። አንድ ማታ ደብተር ሳርም አንዱ «ቤተሰብ» ለማለት «ቤሰተብ» ብሎ ጽፏል። ከጎኑ የምትቀመጠዋን ስገልጥ እሷም «ቤሰተብ»። ከኋላቸው ያለውም እንደዚያው።

ልጆቹ ምንም አላጠፉም። ማርክ ያለበት ነገር ይገለበጣል። በየቀኑ መሆኑም ያሰለቻል። ሶንያ ሉቦሚርስኪ የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ይህን አጥንታዋለች። በሳምንት አንድ ቀን የጻፉት ደስታቸው ጨምሮ ተገኘ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የጻፉት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። እኔም ወደ አርብ ብቻ አመጣሁት፤ ማርኩንም ተውኩት።

ነገሩ የተለወጠው ግን ጥያቄውን ስቀይር ነው። ተመስገን የሚለውም፣ አልሐምዱሊላህ የሚለውም ልጅ ፈጣሪን ማመስገን ከቤቱ ተምሮ ነው የሚመጣው። የጎደለው ከፊቱ ያለውን ሰው ልብ ብሎ ማየት ነው። ስለዚህ «ምን አለህ?» ማለቱን ትቼ ሦስት ነገር መጠየቅ ጀመርኩ። ማን አደረገልህ? ምን አደረገልህ? ያን ለማድረግ ምን አስከፈለው? ጄፍሪ ፍሮ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆኑ ልጆችን ያስተማሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሰውየው አስቦ እንዳደረገው፣ ምን እንዳስወጣው፣ ለእነሱም ምን እንደጠቀማቸው እንዲያስተውሉ ነበር ያለማመዷቸው። የልጆቹም አመስጋኝነት ጨመረ።

ሦስተኛውን ጥያቄ አደራ እንዳትዘይው። እዚህ መንዝ ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ከገጠር ቀበሌ መጥተው ከተማ ቤት ተከራይተው ነው የሚማሩት። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ስንቁ ከቤት ይመጣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። አንድ ልጅ «እናቴ ስንቅ አመጣችልኝ» ብሎ ጻፈና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ቆመ። ጠጋ አልኩት።

«ገብሱን ማን ቆላው?»

«እሷ።»

«መቼ?»

«ማታ ይሆናል። ቀን ጊዜ የላትም።»

«እዚህ ለመድረስ በስንት ሰዓት ተነሡ?»

ዝም አለ። መንገዱን በጣቱ ቆጠረ። «ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት» አለኝ ቀስ ብሎ። ወሩ ኅዳር ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለ አገር የኅዳር ሌሊት ውርጭ ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከዚያ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። ደወል ተደውሎ እንኳ አልተነሣም። መጨረሻው ላይ «እግሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። አይቼዋለሁ፤ ግን ምንም አላልኳትም» ይላል።

«ሂድና አመሰግናለሁ በላት» አላልኩትም። እኛ አካባቢ ልጅ እናቱን «አመሰግናለሁ» ሲል ለጆሮ ይከብዳል፤ የቢሮ ቃል ይመስላል። «በእጃችሁ አመስግኑ» ነው የምላቸው። ውኃ ቅዱላቸው፣ እንጨት ፍለጡላቸው፣ ሸክማቸውን ተቀበሏቸው። ልጁ ለገና አገሩ ገባ። በኋላ ለካርድ ቀን እናቱ መጥተው «ልጄ እግሬን አጠበኝ እኮ፤ ምን ነካው ብዬ ደነገጥኩ» አሉኝ። የአባቱን እግር ማጠብ ያደገበት ነው። የእሳቸውን ግን ከልጆቻቸው አንዱም አጥቦላቸው አያውቅም ነበር።

አንድ ያጠፋሁትንም ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። ደብረ ብርሃን ሳለሁ ከተፈናቀለ ቤተሰብ የመጣች ተማሪ ነበረችኝ። ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። «በሕይወት መኖርሽስ አያስመሰግንም?» አልኳት። ዴስኩ ላይ ተደፋች፤ እስኪደወል ቀና አላለችም። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያዘነን ልጅ አመስግን ማለት «ዝም በል» ከማለት አይለይም። ከዚያ ወዲህ ባዶ ወረቀት ይፈቀዳል፤ ለምን ብዬም አልጠይቅም። ቁርስ ያልበላውን ልጅ ደግሞ መጀመሪያ መብላቱን ነው የምጠይቀው።

«60 ልጅ ይዤ እንዴት እችላለሁ?» ላልሽው፣ አርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ 15 ደቂቃ ይበቃል። ወረቀት ከሌለ ያለፈው ዓመት ፈተና ጀርባውን ቆርጠሽ ስጫቸው። አትሰብስቢው። ማንበብ የፈለገ ለቡድኑ ያንብብ፣ ያልፈለገ ኪሱ ይክተተው። በየወሩ አንድ ቀን ደግሞ ማንም ልብ የማይለውን ሰው እንዲያስቡ አድርጊ፤ ግቢ የምትጠርገዋን፣ ዘበኛውን።

መጀመሪያ ግን ራስሽ ጀምሪው፤ ስሙን ጠርተሽ፣ ያደረገውን ጠቅሰሽ። እኔ የጀመርኩት ማንም ሳያዘው በየቀኑ ሰሌዳ በሚያጠፋ ልጅ ነበር። «የጠመኔው ብናኝ ዓይንህ እየገባ አንድ ቀን እንኳ አልቀረህም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ አርብ አምስት ልጆች ብቻ ከልባቸው ጻፉ። አንቺም ለመጀመሪያው ቀን አምስት ካገኘሽ ይበቃሻል።