የከተማ ኑሮን ለመዘገብ ከየት ይጀመራል? ለተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ

እህታችን ትናንት ያቀረበችው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የጋዜጠኝነት ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከሦስት የክፍል ጓደኞቿ ጋር «የአዲስ አበባ የዕለት ተዕለት ኑሮ» በሚል ርእስ በሁለት ወር ውስጥ ዘገባ እንዲያዘጋጁ ታዘዋል፤ መርካቶ ሄደው ካሜራ ሲያወጡ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረባቸው። ከየት እንጀምር፣ ሰውንስ እንዴት እናናግር፣ አራታችን ሥራውን እንዴት እንከፋፈል ትላለች። እኔም በተማሪነቴ ተመሳሳይ ሥራ ስለ ሠራሁና ከዚያም ወዲህ በከተማ ዘገባ ላይ ስለቆየሁ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ርእሱ «የአዲስ አበባ» ቢልም አዲስ አበባን በሙሉ ለመዘገብ አትነሡ። መርካቶ እንኳ አንድ ቦታ አይደለም፤ አሮጌ ቆርቆሮና ብረት ሲቀጠቀጥ የሚውልበት ምናለሽ ተራና ሸማ ተራ የየራሳቸው የሥራ ሰዓትና የየራሳቸው ደላላ አላቸው። ስለዚህ አንድ ተራ ወይም አንድ መንደር ምረጡና እዚያው ተመላለሱ።

እኛ የመረጥነው ሽሮ ሜዳን ነበር። የሀበሻ ልብስ ሊገዛ የሚሄድ ሰው የሚያየው ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ሱቆች ነው፤ እኛም የመጀመሪያውን ሳምንት ያጠፋነው ባለሱቆቹን «ገበያ እንዴት ነው?» እያልን በመጠየቅ ነበር። መልሱ ከሱቅ ሱቅ አይለይም፦ «ተመስገን፤ ትንሽ ቀዝቀዝ ብሏል።» ነገሩ የተከፈተልን ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ቅያስ ስንገባ ነው። እዚያ ሸማኔው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያሳለፈ፣ ከጎኑ ከተቀመጠው ሸማኔ ጋር በጋሞኛ ይጨዋወታል። ካነጋገርናቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ወይም አባቶቻቸው ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ነበሩ።

ከመካከላቸው አንዱን፣ አምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸውን አባት፣ «ኑሮ ከበደ?» ብለን ስንጠይቃቸው «አዎ ልጆቼ» ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ግን «ይህ ጥለት ስንት ቀን ይፈጃል? ድሩን የሚያደራው ማን ነው? ክሩን የሚገዛው እርስዎ ነዎት ወይስ ነጋዴው?» ብለን ጠየቅናቸው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አወሩን። ነጋዴው ክሩን በዱቤ እንደሚሰጣቸውና ሒሳቡን ልብሱን ሲያስረክቡ እንደሚቀንስባቸው፣ ለጥር ሰርግና ለፋሲካ ሌሊቱን ጭምር እንደሚሠሩ፣ በዐቢይ ጾም ግን ሰርግ ስለማይደገስ ፋሲካ እስኪቃረብ ሥራ እንደሚፈቱ፣ የጥበብ ምስል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ ገዢያቸውን እንዴት እንደወሰደባቸው የሰማነው ያን ቀን ነው። ሰው ስለ ስሜቱ ሲጠየቅ የተለመደውን ይመልሳል፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ግን አዋቂው እርሱ ስለሆነ ራሱ ያስተምራችኋል።

ስለ ቋንቋ። ከእኛ መካከል ጋሞኛ የሚችል ስላልነበረ የሌላ ክፍል ተማሪ እንዲያስተረጉምልን ለመንን። አንድ ሽማግሌ አምስት ደቂቃ ያህል ከተናገሩ በኋላ ጓደኛችን ወደ እኛ ዞሮ «ደህና ነኝ ነው የሚሉት» አለን! ልጁ ሰነፍ አልነበረም፤ በሰው ፊት ቃል በቃል መተርጎም ከባድ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ አስፈቅደን ድምፅ መቅዳትና ማታ ላይ ቀስ እያሉ መገልበጥ ጀመርን፤ አሻሚ ሲሆንብን ቋንቋውን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው እናሰማለን።

«ብሔርህ ምንድን ነው?» ብላችሁም አትጀምሩ፤ በዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በሩን ይዘጋል። «አዲስ አበባ ስትገባ መጀመሪያ ያረፍከው ማን ቤት ነው?» የሚለው የተሻለ ነው። መልሱ ዘመዱን፣ የአገሩን ልጆች፣ እቁቡንና ሥራውን ያስያዘውን ሰው ይዞ ይመጣል።

አሁን ስለ ራሳችን ጥፋት ልናገር። ከቅያሱ አፍ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ወጣት ነበረች፤ ብዙ ጊዜ እርሷ ዘንድ ስለምንቀመጥ ፎቶ እንድንነሣት ስንጠይቃት በደስታ ፈቀደች። ምስሏን ከነስሟ በክፍላችን የፌስቡክ ገጽ ላይ አወጣነው። ለካ ለወላጆቿ የነገረቻቸው ሱቅ ተቀጥራ እንደምትሠራ ኖሯል፤ ወንድሟ አይቶ ደወለላት። እንድናነሣው ስትነግረን ወዲያው አነሣነው፤ ነገር ግን ሰዎች ቀድመው ተቀባብለውት ነበር። አልተቆጣችንም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን ቡናውን ስትቀዳልን ቀና ብላ አታየንም ነበር። እርሷ የፈቀደችው ፎቶ መነሣቱን ብቻ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ ስታስፈቅዱ የት እንደሚወጣና ማን ሊያየው እንደሚችል ጨምራችሁ ንገሩ፤ ስም ለታሪኩ የማያስፈልግ ከሆነ ተዉት።

የድጋፍ ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ ሳትይዙ አትውጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነፃነትን ይደነግጋል፤ ቅያስ ላይ የቆመ ጥበቃ ግን የሚያየው አንቀጹን ሳይሆን ማኅተሙን ነው። በየማስታወሻችሁ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ እዚያ ስለነበረ አንድ ጠጅ ቤት ቀድሞ የያዝኩትን ማስታወሻ ፈልጌ ሳወጣ ቀን አልነበረውም፤ ስለዚህ ዋጋዎቹ የየትኛው ዓመት እንደሆኑ መለየት አቃተኝ።

አራታችሁ አራት ሰፈር አትከፋፈሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ሰዓት ተከፋፈሉ። ሁለታችሁ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ዋሉ፤ ሽሮ ሜዳ ቢሆን እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶችን ልታገኙ ትችላላችሁ። ሌሎቹ ሱቆቹ ሲዘጉ፣ ሸማኔዎቹም የሸመኑትን ልብስ አጣጥፈው ለማስረከብ ሲወጡ ይድረሱ። ካሜራውን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቤት ተዉት፤ እኛ ያወጣነው በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ እኒያ አባት ራሳቸው «ቆዩ፣ ጋቢዬን ልልበስ» ብለውን ነበር።