ለወጣት የኔትወርክ ባለሙያዎች፦ የለካችሁትን አስቀምጡ

አንዲት ወጣት መሐንዲስ በቅርቡ «አገራችን ውስጥ ኢንተርኔት በተጀመረባቸው ዓመታት ትራፊኩ፣ ማለትም በመስመሩ የሚያልፈው የመረጃ መጠን፣ በምን ያህል ፍጥነት አደገ?» ብላ ጠየቀችኝ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ1997 መጀመሩን ነገርኋት፤ የእድገቱን መጠን ግን ልነግራት አልቻልሁም፤ እኔ የማውቀው መዝገብ ዛሬ የለምና።

በወቅቱ በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ጠዋት፣ ቀትርና ምሽት የመስመሩን ጭነትና በስልክ ደውለው የገቡትን ተጠቃሚዎች ብዛት በእጃቸው ይመዘግቡ ነበር። ማንም አላዘዛቸውም። ምሽት ላይ ደዋዮችን የሚቀበሉት መሣሪያዎች፣ ሞደሞቹ፣ በሙሉ ተይዘው አዲስ ደዋይ መግባት ሲያቅተው ያንንም ሰዓት ያሰፍሩ ነበር፤ የሞላ መስመር የሚያሳየው የራሱን አቅም እንጂ የተጠቃሚውን ፍላጎት እንዳልሆነ ያውቁ ነበርና። ቢሮው ሲዛወር መዝገቦቹ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ተጣሉ። እርሳቸው አንድም ቃል ሳይናገሩ ጡረታ ወጡ፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጠፋው ነገር ዋጋ ይበልጥ የገባኝ የአሜሪካውን ታሪክ ሳነብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን መረብ የሆነው የኤንኤስኤፍኔት ዋና መስመር እ.ኤ.አ. በ1986 በሴኮንድ 56 ኪሎቢት ጀምሮ በ1988 ወደ 1.5 ሜጋቢት፣ ኋላም ወደ 45 ሜጋቢት ሲያድግ የትራፊኩ ቁጥር ለሕዝብ ይገለጥ ነበር። መረቡ በኤፕሪል 1995 ተዘግቶ ሥራው ለንግድ ኩባንያዎች ሲለቀቅ ግን ሁሉም የሚያየው ቁጥር ቀረ፤ «ትራፊክ በየ100 ቀኑ እጥፍ ይሆናል» የሚለው አባባል የገነነውም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህ በዓመት 12 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። በ1995 እና በ1996 ለአጭር ጊዜ እውነት ነበር፤ ኮፍማንና ኦድሊዝኮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1998 የተረፈውን መረጃ አገናዝበው ከዚያ ውጭ እድገቱ በዓመት እጥፍ ገደማ እንደነበረ አሳዩ። ኩባንያዎች ግን አባባሉን አምነው ፋይበር መዘርጋታቸውን ቀጠሉ፤ ብዙው ለዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ።

ወጣቶችን መውቀስ አልወድም፤ ሆኖም የዛሬ ወጣት ስክሪን ላይ ያየው ግራፍ እንዳለ የሚኖር ይመስለዋል። የመስመር ጭነትን በግራፍ ከሚያሳየው ከኤምአርቲጂ ጀምሮ ብዙ የመከታተያ ሶፍትዌሮች በየ5 ደቂቃው የተለካውን ቁጥር ጊዜው ሲያልፍ ወደ ዕለታዊ አማካይ ይለውጡታል፤ የምሽቱ ጭነትም በአማካዩ ውስጥ ይሰወራል። ስለዚህ ጥሬውን ቁጥር ለብቻው አስቀምጡ፤ መስመሩ የሰፋበትንም ቀን ጻፉበት፤ አለዚያ ከዓመታት በኋላ ግራፉን የሚያይ ሰው አዲስ ተጠቃሚ መጥቶ ይሁን ታፍኖ የቆየው ፍላጎት ተለቆ ሊለይ አይችልም።