የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጮቄ ላይ የበረዶ ናዳ አለ ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። የአክስቴ ልጅ ስዊዘርላንድ ነው ያደገችው፣ መጋቢት ላይ ስትመጣ ጮቄ ተራራ ወጥተን ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ እናድራለን ብለናል። ስልክ ላይ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «የበረዶ ናዳው ነገርስ? ማስጠንቀቂያው የት ነው የሚወጣው?» ብላ ነው። እኔም ሳቅኩና እኛ ጋ እንደዛ የሚባል ነገር የለም አልኳት፣ ማታ ሳስበው ግን ጮቄ ላይ በረዶ ጥሎ መሬቱ ነጭ ሆኖ በዓይኔ አይቻለሁ። እውነት ናዳ ሊኖር ይችላል እንዴ? ከሌለስ ምኑን ነው የምንጠነቀቀው?
መምህሩ ከማርቆስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅቷ የጠየቀችህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ እሷ ባደገችበት አገር በበረዶው ወራት ተራራ የሚወጣ ሰው ጫማውን ሳያስር በፊት የዕለቱን የናዳ ማስጠንቀቂያ ያነባል፣ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፣ ደረጃውን አይቶ ነው የሚወጣው ወይ የሚቀረው።

ግራ ያጋባችሁ ቃላችን ነው። እኛ ከሰማይ ጠጠር ሆኖ የሚወርደውንም፣ እንደ ተባዘተ ጥጥ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ የሚረጋውንም ሁሉንም በረዶ ነው የምንለው። አንተ ጮቄ ላይ ያየኸው ጠጠሩን ነው። ናዳ የሚሆነው ደሞ እንደ ጥጥ የሚወርደው ነው፣ እሱም ለሳምንታት አንዱ ባንዱ ላይ እየተነባበረ ይከመርና ከስር ያለው ንብርብር ልል ሲሆን የላይኛው ተሰንጥቆ እንዳለ ይንሸራተታል፣ በብዛት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ቢሆንም የኛ ፀሐይ ጠጠሩን ቶሎ ስለምታቀልጠው የሚነባበርበት ጊዜ የለውም። ስለዚ የበረዶ ናዳ የለም በላት፣ አትሳሳትም።

ጮቄ ሰውን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ላይ በስብሶ በተገኘ ሰው ላይ ነው የሚጨክነው። መጋቢትና ሚያዝያ ጠዋቱ ጥርት ያለ ይሆንና ፀሐይዋ መሬቱን ስታግለው አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከምሳ በኋላ ደመናው ተራራው ላይ ይቆለላል፣ ከዛ ነጎድጓድና በረዶ። በየቀኑ አይሆንም ግን የሚሆንበትን ቀን ማንም ጠዋት ላይ አይነግርህም።

እኔ አንድ ሚያዝያ ከረቡዕ ገበያ በላይ ሦስት ሆነን የወጣን ቀን ቁርስ ላይ ተጎልተን መንገድ የጀመርነው 4 ሰዓት ላይ ነበር፣ 8 ሰዓት ሲሆን ጅብራው መሀል ጉም ዋጠን፣ ወዲያው በረዶው ወረደ። አንዱ ጓደኛችን ጋቢ ነበር የደረበው፣ ጋቢ ደሞ ጥጥ ነው፣ ውሃ ከጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል ሙቀትም አይዝም። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ከስር የለበሰውን ጃኬት ሊዘጋ ዚፑን ይፈልጋል፣ ጣቱ ዚፑ ላይ ያርፋል ግን አይጨብጠውም፣ ሦስቴ አራቴ ሞከረና ተወው፣ ስናናግረው ምላሱ ተሳስሯል። ያዳነን ገሳ ለብሶ በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው፣ «እዚህ ላይ አትቁሙ መብረቅ አለ» ብሎ ከሸንተረሩ አወረደንና ቤታቸው ወሰደን፣ እናቱ እርጥቡን ልብስ አስወልቃ የበግ ለምድ አልብሳው ኩበት እሳት አጠገብ አስቀመጠችው፣ ትኩስ ነገር አጠጣችው። ያን ቀን ልጁ ባይኖር ኖሮ ምን እንደምንሆን እስካሁን ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ የምልህ ነገር ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ፣ 6 ሰዓት ቢበዛ 6 ተኩል ላይ ከጫፉና ከሸንተረሩ ወርዳችሁ ተገኙ፣ ጫፉ ሃያ ደቂቃ ቢቀረውም ሰዓቱ ከደረሰ ተመለሱ። መብረቅ ካየህ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠር፣ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ወዲያው ዝቅ ወዳለ ቦታ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ ተራርቃችሁ ሁኑ፣ የመጨረሻውን ነጎድጓድ ከሰማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትነሱ።

ልብስ ላይ፣ ከሱፍ የተሠራ ነገር ወይም ቶሎ የሚደርቅ ሲንተቲክ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ፣ ለሌሊት ብቻ የሚሆን ደረቅ ልብስ በፌስታል ታስሮ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፣ ማርቆስ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ቢሆን ጫፉ አካባቢ ዜሮ ነው፣ በዜሮ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ንፋስ ከተጨመረ ገላህ የሚሰማው ከዜሮ በታች 6 እና 7 ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ የሞላበት ሌሊት ደሞ ውርጩ ይብሳል። መጋቢት ሁዳዴ ስለሆነ የምትጾሙ ከሆነ ይሄንንም አስቡበት፣ ባዶ ሆድ ላይ ብርድ ይበረታል፣ ቆሎና ዳቦ በብዛት ያዙ።

ድንኳኑን ጅረት ዳር አትትከሉ። ጨሞጋም ሙጋም ከጮቄ ነው የሚነሱት፣ እናንተ ጋ ሳይዘንብ ላይ ዘንቦ ውሃው በሌሊት ሊመጣ ይችላል። ናዳ ካልክ ደሞ የኛ ናዳ የአፈር ነው፣ በተለይ ክረምት ላይ። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ውስጥ የሆነውን ሁላችንም አልቅሰንበታል፣ ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው፣ ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ነበሩ፣ ሁለተኛው ናዳ መጥቶ እነሱንም ቀበራቸው። መሬት የተሰነጠቀበት፣ ዛፍ ያጋደለበት፣ የምንጭ ውሃ ድንገት የደፈረሰበት ቁልቁለት ስር ማደር አይደለም ማረፍም የለባችሁም።

የአክስትህ ልጅ ከዝቅተኛ ቦታ ስለምትመጣ ማርቆስ ላይ ሁለት ሌሊት ትደር፣ ራስ ምታትና ማስመለስ ከመጣባት ነገ ይሻላል አትበሉ፣ ውረዱ። ከሁሉም በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እዛው ያለ ዘመድ ጠይቅ፣ የአካባቢውን ሰው መሪ ሳትይዙ አትውጡ።

ጥያቄ፦ የስልኬ አፕ ፀሐይ ነው እያለ ዝናብ ያበሰብሰናል፣ ምኑን ልመን?
ከሞጣ

መልስ፦ አፑ የሚነግርሽ የከተማውን ነው እህቴ፣ ተራራው የራሱን ደመና ይሠራል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የሚያወጣውን ትንበያ አጠቃላይ ሁኔታውን ለማወቅ ተጠቀሚበት፣ የዕለቱን ግን ራስሽ ሰማዩን እዪ፣ 4 ሰዓት ሳይሞላ ደመናው እንደ አበባ ጎመን ወደ ላይ ማደግ ከጀመረ ያን ቀን አትውጪ።

ጥያቄ፦ የቡሬ ልጅ ነኝ፣ አሁን ኖርዌይ እየተማርኩ ነው። የክፍል ጓደኞቼ በነሱ ፋሲካ ተራራ ላይ በስኪ (እግር ላይ ታስሮ በረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ረጅም ጠፍጣፋ ነገር) እንሂድ እያሉኝ ነው፣ ስኪ ትንሽ ለምጃለሁ። ልሂድ?

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ካንተ ስኪ መቻል ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የነሱ ዝግጅት ነው። እዛ ቫርሶም የሚባል የመንግሥት የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ አለ፣ የምትሄዱበትን አካባቢ ደረጃ አንተም ራስህ አንብብ፣ ከ5ቱ ደረጃ 3 ካለ ቀላል መስሎህ እንዳትታለል፣ ብዙ ሰው የሚሞተው በ3 ነው። ሰውን የሚቀብረው ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በራሱ በሰውዬው ወይ በጓደኞቹ ክብደት ነው፣ ስለዚ የመንገዱ ምርጫ በእጃችሁ ነው ማለት ነው፣ ከ30 ዲግሪ በታች ባለ ሜዳማ ቦታ፣ ከላዩ ቁልቁለት በሌለበት መሄድ ይቻላል።

በዛ ወቅት ሌሊት የረጋው በረዶ ጠዋት ጠንካራ ይሆናል፣ ፀሐይ ስትበረታ ውሃ ይገባበትና ይላላል። ሌሊቱ ደመናማ ከነበረ ጭራሽ ሳይረጋ ሊያድር ይችላል። እግርህ እስከ ቁርጭምጭሚት ከሰመጠ፣ ትንንሽ የበረዶ ኳሶች ቁልቁል ከተንከባለሉ፣ ወይ ከእግርህ ስር እንደ ከበሮ እምም የሚል ድምፅ ከሰማህ ተመለስ በል፣ አፍረህ ዝም እንዳትል።

ሦስት ዕቃ በእያንዳንዳችሁ ላይ መኖር አለበት፦ ደረት ላይ የሚታሰረው ሲግናል የሚልከውና የሚፈልገው መሣሪያ፣ በረዶውን እየወጉ የሚፈልጉበት ረጅም ዘንግ፣ አካፋ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ተስፋው በጣም ይመነምናል፣ አምቡላንስ በዛ ጊዜ አይደርስም፣ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሰብስባቸው፣ አንዱ መሣሪያውን በረዶ ውስጥ ይቅበርና ሌሎቹ ፈልገው ያውጡት፣ ሰዓት ያዝ። ማግኘት ካቃታቸው አትሂድ።