«ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» እያለች ታሠራኛለች

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ነገሩ ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው የምንሠራው። ጌታን የተቀበልኩት ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሕይወቴ ተለውጧል፤ ይህን ሳላፍር ለሁሉም እናገራለሁ። ቢሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

ይህች ሴት የራሷን ሥራ ጨርሳ አታውቅም። ሪፖርት የማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ወረቀቷን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች። «እባክሽ የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ አሞኛል።» በሌላው ቀን ልጇ ታሞባታል። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰበብ። አንድ ጊዜ ጨክኜ «የራሴም ሥራ አለብኝ» ስላት ቅንድቧን አንስታ «ውይ! ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። አፍሬ ወረቀቱን ተቀበልኳት። ከዚያ ወዲህ ይህችን ንግግር ከአፏ አትለያትም።

ገንዘብም ትበደረኛለች፤ አትመልስም። ስጠይቃት «ፍቅር በደልን አይቆጥርም ይላል መጽሐፋችሁ» ትለኛለች። ስታረፍድም በእሷ ቦታ ፈርሜላት አውቃለሁ፤ እሱ እንኳ ቀላል ነው። የሚያበግነኝ ውለታ ቢስነቷ ነው። ከኋላዬ «እሷ እኮ የፈለግሽውን ብትጭኚባት አትናገርም» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አለቃችንም ያያል። ግን ሥራው እስካለቀለት ድረስ ማን እንደሠራው ግድ የለውም።

እኔ ድሮም እምቢ ማለት አይሆንልኝም። እናታችን ያሳደገችን ሰው እንዳይቀየመን እየተጠነቀቅን ነው። አሁን ግን የምሸከመው ለምስክርነቴ ስል ነው። ብቆጣ «ያው ናት፣ ምኗ ተለወጠ?» ይሉኛል። የጌታ ስም በእኔ ምክንያት እንዲሰደብ አልፈልግም።

ጸልያለሁ፤ ጾሜያለሁም። የጸሎት እህቶቼ «ጌታ እየሠራሽ ነው፣ ታገሺ» ይሉኛል። እሺ፣ ልታገሥ። ግን እስከ መቼ? ቀኑን ሙሉ ውስጤ እየነደደ ፈገግ ብዬ እውላለሁ። ቤት ስገባ አቅም የለኝም። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። በሩን ስከፍት ፊቴን አየት ታደርግና «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አናደደሽ?» ብላኝ ወደ ክፍሏ ትገባለች። ትንሽ ነገር ሲበላሽ እጮህባታለሁ። መቼም የድካም ነገር ነው፣ ልጅ ደግሞ ይረሳል። ሰሞኑን «ለቸርች ሰዎች የምትስቂውን ሳቅ ለእኔም ሳቂልኝ» አለችኝ። እንዲሁ ለነገሩ ነው ያነሳሁት።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስና፣ ምስክርነቴን ሳላበላሽ ይህችን ሴት እንዴት ላስቁማት? ክፍል ልቀይር? ወይስ ለአለቃ ልንገርባት? ሌሊት ስነቃ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣብኛል። አዲስ ፍጥረት ነኝ እያልኩ ውስጤ እንዲህ የሚበግን ከሆነ፣ ምናልባት መጀመሪያውኑ አልተለወጥኩ ይሆን? ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ትዕግሥቴ ያለቀ

*

እህቴ፣

እኔ የቆምኩት «እንዲሁ ለነገሩ ነው ያነሳሁት» ያልሽው ቦታ ላይ ነው። ስለ ባልደረባሽ ብዙ ጻፍሽ፣ ልጅሽን ግን በጥቂት መስመር አለፍሻት። ከደብዳቤሽ ሰዎች ሁሉ እውነቱን ፊት ለፊት የነገረችሽ ግን እሷ ናት። ልጅ ይረሳል ያልሽው የወላጅ ማጽናኛ ነው። እናቷ በገባች ቁጥር ፊቷን አይታ መቆየት ወይም መደበቅ እንዳለባት የምትወስን ልጅ፣ ምኑን ትረሳዋለች? ለምስክርነትሽ የምትጨነቂ ከሆነ ዋናዋ ተመልካችሽ ቢሮ ውስጥ አይደለችም። ቤትሽ ናት።

አሁን ትንሽ ልቆጣሽ ነው።

ድሮም እምቢ ማለት አይሆንልኝም ብለሻል። እንግዲያው ልጠይቅሽ። ጌታን ከማግኘትሽ በፊት ለሁሉም እሺ ትዪ ነበር። ዛሬም ለሁሉም እሺ ትያለሽ። ለውጡ የቱ ጋ ነው? ስሙን ቀየርሽው እንጂ ፍርሃቱ ያው ነው። ያኔ ሰው እንዳይቀየመኝ ነበር፤ አሁን ምስክርነቴ እንዳይበላሽ ሆነ። ሁለቱም ውስጥ ያለው «ሰው ምን ይለኛል» ነው። አዲሱ ማንነቴ ብለሽ ተንከባክበሽ የያዝሽው ነገር፣ ካለሽ ሁሉ አሮጌው ይመስለኛል። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ፣ አሁንም ሰውን ደስ የማሰኝ ብሆን የክርስቶስ ባሪያ ባልሆንሁ ነበር ይላል። ጠንከር ያለ አነጋገር ነው፤ ላለዝብልሽም አልፈልግም።

ደግሞ ያቺ ፊርማ። «እሱ እንኳ ቀላል ነው» አልሽ። ቀላል አይደለም። ያልነበረችን ሰው ነበረች ብለሽ በእጅሽ መስክረሻል። ብቆጣ ምስክርነቴ ይበላሻል ብለሽ የምትፈሪው አንቺ ነሽ፣ የሐሰት ምስክርነቱን ግን ፈገግ ብለሽ ሰጠሽ። ሁለተኛ እንዳታደርጊው። አለቃሽ ዘንድ ሄዶ መናገሩን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን እናገራለሁ። ዋጋ ሊያስከፍልሽ ይችላል። ግን የእሷን ሳይሆን የራስሽን ጥፋት ነው የምትናገሪው፤ ስለዚህ ክስ አይደለም።

ኤፌሶን ምዕራፍ 4ን በደንብ ታውቂዋለሽ ብዬ እገምታለሁ፤ አሮጌውን ሰው አስወግዱ፣ አዲሱን ልበሱ የሚለውን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ ግን አስተውይ። ራእይ የለም፣ ልዩ ስሜትም የለም። ስለ አፍ፣ ስለ እጅና ስለ ንዴት ነው የሚያወራው። የመጀመሪያው ነገር ውሸትን ትታችሁ ከባልንጀራችሁ ጋር እውነትን ተነጋገሩ ነው። ወዲያው ቀጥሎ ተቆጡ፣ ኃጢአት ግን አታድርጉ፤ ፀሐይ በቁጣችሁ ላይ አይግባ ይላል። የሰረቀ ከእንግዲህ አይስረቅ የሚለው ምክር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቁጣ ከውሸት ጎን መቀመጡ ለእኔ በአጋጣሚ አይመስለኝም። አንቺ ራስሽ ማስረጃ ነሽ። ውስጥሽ እየነደደ «ምንም አይደለም» ብለሽ ፈገግ ስትዪ ውሸት ነው። ያልተነገረው ንዴት ደግሞ ፀሐይ ከገባች በኋላም አብሮሽ ቤት ይገባል። የሚያርፈውም ጥቅስ ጠቅሳ መመለስ በማትችል በአንዲት የ11 ዓመት ልጅ ላይ ነው።

መጽሐፉ «ተቆጡ» ማለቱንም አትለፊው። መቆጣት አልተከለከልሽም።

ኢየሱስ እምቢ ብሎ እንደሚያውቅ የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። በቅፍርናሆም ስምዖንና ጓደኞቹ «ሁሉ ይፈልጉሃል» ሲሉት ወደ ሌላ መንደር እንሂድ ብሎ ተነሣ። አንድ ሰው ወንድሜ ርስት እንዲያካፍለኝ ንገርልኝ ሲለው፣ አካፋይ ማን አደረገኝ ብሎ መለሰው። ሌላውን ጉንጭ ስጥ ያለው እሱ ራሱ፣ በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ ሲመታ ስለ ምን ትመታኛለህ ብሎ ጠየቀ። አልተሳደበም፤ ግን ዝምም አላለም። (በነገራችን ላይ፣ ይህን የጉንጭ ጥቅስ ቶሎ የሚጠቅሱት ብዙ ጊዜ መቺዎቹ ናቸው።)

ከጸሎት እህቶችሽ ጋር አልስማማም። ጌታ እየሠራሽ ነው ይሉሻል። እኔ የማየው ግን ሴትየዋ ስታሠራሽ ነው። ክፋት የላቸውም፤ ግን መታገሥና መበዝበዝ አንድ አይደሉም። ገላትያ 6 ላይ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም ይልና ጥቂት ወረድ ብሎ እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። በእውነት ስትታመም እርጃት፤ ደስ ብሎሽ እርጃት። የወር ሪፖርቷ ግን የእሷ ነው።

ስለዚህ ነገ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ እንዲህ በያት፤ «ይህን አልሠራልሽም። በቦታሽም ከእንግዲህ አልፈርምም።» ምክንያት አትደርድሪ። «ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?» ማለቷ አይቀርም። «ነኝ፤ ለዚህ ነው» በያትና ወደ ሥራሽ ተመለሺ። ይሳቁ። ገንዘቡን በተመለከተ ወይ አንዴ በግልጽ ጠይቂያት ወይ ከልብሽ ተዪላት። በልብ እየቆጠሩ በአፍ «ግድ የለም» ማለት ግን ይብቃ። ክፍል መቀየር አያስፈልግሽም። ይህን ፍርሃት ይዘሽ የትም ብትሄጂ ሌላ ሴት ታገኝሻለች።

አሁን ወደዚያ የሌሊት ጥያቄሽ። አልተለወጥኩ ይሆን?

ስለ ጴጥሮስ ልንገርሽ። የአንዲት ገረድ ጥያቄ አስፈርቶት ጌታውን ካደ። በኋላ መንፈስ ቅዱስን ተቀብሎ በዚያው ከተማ በሸንጎ ፊት ያለ ፍርሃት ቆመ። ይህ ሁሉ ካለፈ ከብዙ ጊዜ በኋላ ግን በአንጾኪያ ከአሕዛብ አማኞች ጋር ሲበላ ቆይቶ፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሲመጡ ፈራና ከማዕዱ ገለል አለ። ያው የድሮው የሰው ፍርሃት ነው። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ጴጥሮስ መጀመሪያውኑ አልተለወጠም ነበር ብሎ ግን አልጻፈም። ያለው፣ እንደ ወንጌሉ እውነት በቅንነት አልሄዱም ነው። አካሄዱን ነው የነቀፈው።

አንቺም እንደዚያው ነሽ። ሌሊት የሚቀሰቅስሽን ጥያቄ የመካድሽ ምልክት አድርገሽ አትውሰጂው። ያልተለወጠ ሰው እንቅልፉን ለዚህ አያጣም። የቀረሽ ማንነትሽን መጠራጠር አይደለም፤ ያመንሽውን ይዘሽ ቤትሽ መግባት ነው።

ዛሬ ማታ ልጅሽ ክፍል ገብተሽ ተቀመጪ። «ስጮህብሽ ከርሜያለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ» በያት። ድካም አትጥሪ፣ ሥራም አትጥሪ። ዝም ካለችሽ አትቸኩዪባት፤ ቃልሽን ለማመን ጊዜ ያስፈልጋታል። የባልደረባሽን ስም ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ እንዳታነሺ።